አውራው ከሞተ መንጋው ይበተናል

ይህ ነገር ያጋጠመኝ ባለፈው መንግሥት ጊዜ ነው፤ ሞባይል ወደ ገጠሩ መግባት በጀመረበት፣ ሬዲዮ በተከፈተ ቁጥር ስለ ሽብር በሚወራበት ዘመን። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አልፏል፤ እኔም ሸምግያለሁ። ይህችን ግን አልረሳትም። ሰው ድንጋይ ያነሣብኝ በዕድሜዬ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም እውነቱን በመናገሬ።

ያኔ ፍኖተ ሰላም ከተማ አስተማሪ ነበርኩ። አባቴ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። በዚያ ክረምት ንቦቻቸው ቀፎውን ጥለው ሄዱባቸው። ንብ ለአባቴ የማር ነገር ብቻ አልነበረም። እናቴ ካረፈች ጀምሮ ሲያወሩ የሚውሉት ከንቦቻቸው ጋር ነው። ቀፎው ባዶ ሲቀር እህል መቅመስ ቀነሱ፤ ከሰውም ራቁ። ሁኔታቸው አስፈራኝ።

ጥቅምት ላይ ፈረስ ቤት ገበያ ወጣሁና አንድ መንጋ ንብ ከነአውራው ገዛሁላቸው። አውራ የምንለው ንቦቹ ሁሉ የሚከተሉትን ትልቁን ንብ ነው። እሱ ከሞተ መንጋው ይበተናል።

አባቴ ወሬውን በስልክ ሲሰሙ ደስታቸውን እንኳ ሳይጨርሱ ማስጠንቀቅ ጀመሩ። «አንት ልጅ፣ ሸፍነህ ያዝ! ለማንም እንዳታሳይ፤ ስሙንም እንዳትጠራ። ዓይን ያየው ንብ አይበረክትም» አሉኝ። እኔ የሳይንስ አስተማሪ ነኝ። ዓይን ብርሃን ይቀበላል እንጂ መርዝ አይተፋም ብዬ አስተምራለሁ። ነገር ግን የአባት ቃል ነውና የዚያን ቀን ሳይንሱን ፍኖተ ሰላም ትቼው ሄድኩ።

በዚያው ሳምንት መምህራን ስብሰባ ሰንብተን ነበር። ጆሯችን እስኪደነቁር የሰማነው ሁለት ቃል ነው፤ አንዱ «አውራ ፓርቲ»፣ ሌላው «ፀጉረ ልውጥ»። የማታውቁት ሰው፣ የማታውቁት ዕቃ ስታዩ ጠቁሙ ተባልን። እጄን አውጥቼ ደግፌአለሁ። ሰው በተሰበሰበበት ፈንጂ የሚጥል ጨካኝ እንዳለ የሚክድ የለም። ፀጉረ ልውጡ እኔው እንደምሆን ግን ማን ነግሮኝ።

የጉዞዬ ዕለት ከሰዓት በኋላ ከፍኖተ ሰላም የቡሬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ንቡ ከቀርከሃ በተሠራ ትንሽ ቀፎ ውስጥ ነው፤ ሁለቱን አፉን በስስ ጨርቅ አስሬ በጋቢ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አጋደምኩት። አጠገቤ ጥቁር ጃንጥላ የያዙ ሴትዮ ተቀመጡ። መኪናው ገና ሳይነሣ ዓይናቸውን ጥቅሉ ላይ ተከሉት።

«ምንድን ነው ልጄ?»

«ዕቃ ነው እናቴ።»

«የምን ዕቃ?»

«የአባቴ።»

ጋቢውን ሳብ አድርጌ ጨመር አድርጌ ሸፈንኩት። እሳቸውም ጨመር አድርገው አዩት። አባቴ የፈሩት ዓይን ይሄ ነው አልኩ በልቤ። ወደ መስኮቱ ዞሬ ጀርባዬን ሰጠኋቸው። ከፊት የተቀመጠ ኮት የለበሰ ሰውዬ ደግሞ አንዴ እኔን፣ አንዴ ጥቅሉን ያያል።

ግማሽ መንገድ ላይ ስልኬ ጮኸ። አባቴ ናቸው። ጆሯቸው ስለደከመ ካልጮኹ አይሰሙም።

«አውራው አለ?» አሉ።

«አለ! እኔው ጋ ነው!»

«እንዳይሞት!»

«አውራው ከሞተማ መንጋው ይበተናል፤ አውቃለሁ! እርስዎ ጭሱን አዘጋጅተው ይጠብቁኝ! ሲመሽ እንለቃቸዋለን!»

ጭሱ አዲሱን ቀፎ ለማጠን ነው። ይህን የምናውቀው ግን እኔና አባቴ ብቻ ነን። ስልኩን ስዘጋ መኪናው ውስጥ የሚተነፍስ ሰው አልነበረም። ኮት ለባሹ ወደ ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ አንሾካሾከ። ሴትዮዋ ጃንጥላቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። እኔ ሞኙ፣ ሰዉ ዝም ያለው ጩኸቴ አስቀይሞት መስሎኝ «ይቅርታ፣ አባቴ ጆሮ የላቸውም» አልኩ።

ቡሬ መግቢያ ኬላው ላይ ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋና ዘሎ ወረደ። ሞተሩ ሲጠፋ የጥቅሉ ድምፅ ወጣ፤ እምምም ይላል። «ማሽን አለው!» ብሎ አንድ ሰው ጮኸ። ከዚያ በኋላ በበር የወጣም በመስኮት የወጣም አለ።

ጠና ያሉ ፖሊስ ጠመንጃቸውን አቀባብለው መጡ።

«ውረድ! ቀስ ብለህ! ምንድን ነው የያዝከው?»

«ለእርስዎ ብቻ ጠጋ ብዬ ልንገርዎ።»

«እንዳትጠጋኝ! ክፈተው!»

«እዚህ ከተከፈተ ማንም አይተርፍም» አልኩ።

እውነቴን ነው። ከፈረስ ቤት ጀምሮ ሲንገላታ የመጣ ንብ መንገድ መሃል ቢለቀቅ ሰው አይምርም። አነጋገሬ ምን እንደሚመስል ያወቅሁት ኮት ለባሹ ቦይ ውስጥ ሲወድቅ ሳይ ነው። ጎረምሶች ድንጋይ አነሡ። ፖሊሱ ጥቅሉን አስፋልቱ ላይ አስቀምጬ እጄን ወደ ላይ እንዳደርግ አዘዙ። አስቀመጥኩት።

ፀሐዩ ይጋረፋል። ጥቅሉ በጋቢ ታፍኗል፤ አስፋልቱ እንደ ምጣድ ግሏል። እዚያ ጥቂት ከቆየ አውራውም መንጋውም አንድ ላይ እንደሚያልቁ ታየኝ። ጭሱን አዘጋጅተው ደጃፍ የተቀመጡት አባቴም ታዩኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ማልቀስ አማረኝ። ዓይኑንም፣ የአባቴንም ማስጠንቀቂያ ተውኩና በሙሉ ድምፄ ጮኽሁ።

«ንብ ነው! ንብ ነው እኮ!»

የባሰው ያኔ ነው። ኮት ለባሹ ከቦዩ ብቅ አለና «ሰማችሁት? ሰማችሁት አይደል?» አለ። «አውራው ይሞታል፣ መንጋው ይበተናል፣ ንብ ነው! ወርቁ እኮ ወጣ!»

የገዢው ፓርቲ የምርጫ ምልክት ንብ መሆኑን ያኔ የማያውቅ አልነበረም። ወይ አገሬ ጎጃም! ሰው ያለ ቅኔ እንዲሁ ይናገራል ብሎ የሚያምን የለም። ንብን ንብ ብል መንግሥት ግልበጣ ሆነብኝ። ፖሊሱ ራሳቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«ማንን ለማለት ነው?» አሉኝ።

«ማንንም! የሚናደፈውን ንብ!»

«የሚናደፈውን አለ!» አለ ኮት ለባሹ።

ምን ልበል? አፌን በከፈትኩ ቁጥር አንድ ክስ ይጨመርብኛል። ዝም አልኩ። ዝምታዬም ተጠረጠረ።

በዚህ መሃል ሴትዮዋ ከሰው መሃል ወጡ። ፖሊሱ «ይመለሱ እናቴ!» ቢሉም አልሰሟቸውም። ጥቅሉ ጋ ደርሰው ተንበረከኩ፤ ጆሯቸውን አስጠጉ፤ ጨርቁን አሸተቱ። ከዚያ ያንን ጥቁር ጃንጥላ ዘረጉና ጥላውን ጥቅሉ ላይ አደረጉት። ራሳቸው ፀሐይ ላይ ቀሩ።

«ተውት ልጁን» አሉ። «ይኸ ሰም እንጂ ወርቅ የለውም።»

ከዚያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላውም ተከተለ። ፖሊሱ ጠጋ ብለው ጎንበስ አሉ። በጨርቁ ቀዳዳ አንዲት ንብ ወጣችና እጃቸው ላይ ሄደች። ሳይነቃነቁ አዩዋት። «በል ሂድ፣ ምስክርህ መጣች» አሉኝ። ድንጋዮቹ አንድ በአንድ መሬት ወደቁ። ኮት ለባሹ ብቻ አላመነም፤ «ቢሆንም ይጣራ!» እያለ ሌላ መኪና ፍለጋ ሄደ።

ሴትዮዋ ቡሬ እስክንገባ ጃንጥላቸውን በመስኮቱ ፀሐይ በኩል ይዘውልኝ ተጓዙ። እኔ ዓይናቸውን ፈርቼ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ነበር። ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ መናኸሪያው ሰው መሃል ጠፉብኝ።

ሲመሽ ንቦቹን ለቀቅናቸው። አባቴ ጆሯቸውን ቀፎው ላይ ለጥፈው ብዙ ቆዩ፤ በዚያ በደከመ ጆሮ ምን እንደሰሙ እንጃ፣ «አውራው አለ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሰው አላየውም?»

«አይተውታል አባቴ። አንዲት ሴት አይተውታል።»

«ምን አደረጉት?»

«ጥላ ያዙለት።»

አባቴ እጃቸውን ቀፎው ላይ አሳረፉ። «እንዲህ ያለውስ ዓይን በየቀኑ ይየው» አሉ።

ከዚያ ጀምሮ በየዓመቱ ማር ሲቆረጥ የመጀመሪያውን የማር እንጀራ «የባለ ጃንጥላዋ» ብለው ያስቀምጡ ነበር። እኔም ይዤው ቡሬ መናኸሪያ እቆም ነበር። የሚያጠራጥር ሲያዩ ዝም በሉ አልልም፤ ዛሬም ቢሆን መጠቆም ተገቢ ነው። ግን ጠጋ ብሎ የሚያሸት ሰው ባይኖር ኖሮ እኔ የት እሆን ነበር እላለሁ።

አንድ ዓመት በክዳን የተሸፈነ ማሬን ይዤ ጥቁር ጃንጥላ የያዙትን ሴቶች ፊት አንድ በአንድ ስመለከት፣ አንዷ ዞር ብላ ለጓደኛዋ «ይኸ ሰውዬ ምን ያፈጥጥብናል? ደሞስ ያ የሸፈነው ምንድን ነው? ለፖሊስ እንንገር» ስትል ሰማሁ። ሮጥ ብዬ ክዳኑን ከፈትኩት።

«ማር ነው እህቴ» አልኳት። «ወርቅ የለውም።»