የተናኜ ዋስ

ተናኜ ሹሉን የናሙና ብረት በጆንያው ጎን፣ ከታች በኩል ትወጋለች። ከላይ አትወጋም፤ ነጋዴ ደረቁን በቆሎ የሚያደርገው ከላይ ነው። ብረቱን አዙራ ታወጣና የሚፈሰውን ፍሬ በግራ መዳፏ ትቀበላለች። ታሸተዋለች። አንዷን ፍሬ በጥርሷ ትሰብራለች። የቀረውን እርጥበት መለኪያው ውስጥ ጨምራ ክዳኑን ታጠብቃለች።

«አሥራ ሰባት» አለች ባለፈው ማክሰኞ፣ ቁጥሩን ሳታይ። መለኪያው አሥራ ሰባት ነጥብ ሁለት በመቶ አለ። ፋብሪካው የሚቀበለው ከአሥራ ሦስት ተኩል በታች ነው።

ቡሬ ዳር ባለው ዱቄት ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት። እሷ ካልፈረመች አይሱዙ አይራገፍም። ሦስት ዓመት ሙሉ ግን የግዥ ኃላፊው አቶ ገነነ «ይለፍ» ሲሏት አሳልፋለች። ስትቀጠር ዋስ የሆኗት እሳቸው ናቸው። ከሽንዲ ገጠር ስትመጣ ዋስ የሚሆናት ሌላ ደመወዝተኛ አታውቅም ነበር፤ ስለዚህ ዋሷ አለቃዋም መሰሏት።

ባለፈው ሰኔ እንዲህ ያለፈ በቆሎ መጋዘን ውስጥ ሻገተ። ማስጠንቀቂያ የተጻፈው ለእሷ ብቻ ነው። ደብዳቤውን ይዛ የጥራት ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ ሰብለ ዘንድ ገባች። እሳቸውም የሥራ መዘርዝሯን ዘረጉላት።

«ተጠሪነትሽ ለማን ይላል?»

«ለእርስዎ።»

«ገነነ የት ጋ አለ?»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። የሉም።

እንግዲህ በዚያ ማክሰኞ አቶ ገነነ መኪናው ድረስ መጡ። «ተናኜ፣ የደንበኛችን ጭነት ነው። ፈርሚና ይራገፍ።»

«እርጥብ ነው፣ ጋሼ። ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ደርቆ ይምጣ።»

«ሰኔ ላይ ፈርመሽ የለም እንዴ?»

«ፈርሜያለሁ። ማስጠንቀቂያውንም ብቻዬን ወስጃለሁ። አሁን ይኸው እስክሪብቶ፤ በራስዎ ስም ይፈርሙ።»

«ይጽፋል ጋሼ፣ አይጠራጠሩ» አለ አውራጁ ላቀው ከጆንያው ላይ ሆኖ። ጓደኞቹ ሳቃቸውን ለመደበቅ ፊታቸውን አዞሩ።

አቶ ገነነ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዋስትናዬን አነሳለሁ።»

«ያንሱት። ዋስ የሆኑኝ የፋብሪካውን ንብረት እንዳላጠፋ ነው። እኔም አላጠፋም እያልኩ ነው።»

ቅጹ ላይ «ተመላሽ» ብላ ጻፈች፤ ፈረመች። አይሱዙው እንደ ተጫነ ተመለሰ።

በማግስቱ ዋስትናው ተነሳ። የሰው ኃይል ክፍል በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ሌላ ዋስ ካላመጣች ሥራዋን እንደምታጣ በጽሑፍ ነገራት። አራቱ ቀን አልፏል። ለአንባቢ ያላት መልእክት ይህ ነው፦ «ቡሬም ሆነ ፍኖተ ሰላም ደመወዝተኛ የሆናችሁ፣ ከመሥሪያ ቤታችሁ ደብዳቤ አጽፋችሁ ዋስ ሁኑኝ። ለፋብሪካው በቆሎ የምታስገቡ ግን ዋስነቱ ይቅርባችሁ።»