ወረቀት የሌላት ጢንዚዛ

መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ጋሼ ጢንዚዛ» ነበር የሚላቸው፤ እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ይመስለኛል። ምድር ቤት ባለች መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለጥናት የተሰበሰቡ ነፍሳትን በመርፌ ሲሰኩ ኖረዋል። ብል እንዳይበላቸው የሚደረገው የናፍታሌን ሽታ ከኮታቸው አልፎ ቆዳቸው ውስጥ ገብቷል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ነፍሳት ልሰበስብ ወደዚያ ሙቀትና ዝናብ ወደማይለየው ጫካ ልወጣ ስል ጠርተው አስቀመጡኝ። እኔ ስለ መረብ አያያዝ፣ ቢበዛ ስለ ወባ ይመክሩኛል ብዬ ነበር።

«ስሚኝ ልጄ፣ መያዙን ማንም ይይዛል። የያዝሽበትን ቦታና ቀን እዚያው ቆመሽ ጻፊ። ዝናብ ቢደበድብሽ፣ ትኩሳት ቢይዝሽ፣ ነገ እጽፈዋለሁ እንዳትዪ። ያላወቅሽውን ደግሞ አትጻፊ። አለዚያ ጢንዚዛዋን እንዲያው በከንቱ ገደልሻት ማለት ነው።»

ከዚያ መሳቢያ ሳቡ። ከምስር ፍሬ የማትበልጥ አረንጓዴ ጢንዚዛ ብቻዋን ተሰክታለች፤ ከመርፌዋ ሥር ግን ቦታና ቀን የሚጻፍባት ወረቀት የለችም። በወጣትነታቸው በዚያው ጫካ የያዟት ቀን ወባ ጥሏቸው «ነገ እጽፈዋለሁ» አሉ። ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ሲነሡ፣ ከተሻገሯቸው ስድስት ወንዞች ከየትኛው ዳር እንዳነሷት ከጭንቅላታቸው ጠፍቷል። እሷን የምትመስል በየትኛውም መጽሐፍ ውስጥ የለችም። ከዚያ ወዲህ የየዓመቱን ፈቃዳቸውን በእነዚያ ወንዞች ዳር ሌላ እሷን መሰል ሲፈልጉ ጨረሱት። ባለቤታቸው «ሴት ብትሆን እኮ ሄጄ ፀጉሯን እነጫት ነበር» እያሉ ይስቁ ነበር፤ ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነው።

እኔም አራት ዓመት ፈለግኳት። ቅጠል አራግፌ፣ የበሰበሰ ግንድ ፈልፍዬ፣ ባዶ እጄን ተመለስኩ። በአራተኛው ዓመት ስሄድ የሦስቱ ወንዞች ዳር ተመንጥሮ ሸንኮራ አገዳ ሆኗል። ይህን ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጠረጉት።

በዚያው ሰሞን ኃላፊያችን ወደ ምድር ቤቱ መጣች። ክፍሉ ለመጋዘን ተፈልጓል፤ ቦታና ቀን ያለው ወደ ዋናው ቤተ መዘክር ይሄዳል፣ የሌለው እስከ ዓርብ ይወገድ አለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ሥራዋ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ጋሼ በሩን ዘጉና አንዲት ትንሽ ባዶ ወረቀት ወደ እኔ ገፉ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ወረቀቶቹን የምጽፍላቸው እኔ ነበርኩ።

«ሦስተኛው ወንዝ ብለሽ ጻፊ» አሉኝ።

«አስታወሱ እንዴ ጋሼ?»

«የምን ማስታወስ! ጻፊው በቃ። ማን ሊጠይቅሽ?»

ብዕሩን አነሣሁት። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ የከበደኝ ነገር የለም። ፊታቸውን ላለማየት ወረቀቷን እያየሁ፣ «አልችልም» አልኳቸው።

አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ምነኛ በተሻለኝ። ጢንዚዛዋን ከነመርፌዋ ነቀሉና፣ እግሯ እንዳይሰበር ተጠንቅቀው፣ የሚጣለው ካርቶን ውስጥ ራሳቸው አስቀመጧት። ኮታቸውን ለብሰው ወጡ።

በወሩ ጡረታ ወጡ። አልፎ አልፎ ቤታቸው እሄዳለሁ። ያን ቀን ትክክል ነበርኩ፤ ትክክለኛነቴ ግን እስከ ዛሬ እንደ እሾህ ይወጋኛል። ስለ ጫካው ላጫውታቸው ስጀምር ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ፣ «እስቲ ድምፁን ጨምሪልኝ» ይሉኛል።