ሶላሩ ውስጥ ያለው ወጠጤ

በዋግ ምድር ጀርባዬን መሬት ያስነካ ወንድ እስከ ዛሬ አልተወለደም። ካላመናችሁ ሰቆጣ ገበያ ወርዳችሁ ጠይቁ። ከደሃና እስከ ፃግብጂ እኔን አይቶ የመዘዘውን ዱላ ምርኩዝ ያላደረገ ጉልበተኛ የለም። ወንድ ስል ታዲያ ሰው ማለቴ ነው። ፍየል ግን ተወልዷል፤ የተወለደውም ከቤቴ በላይ፣ በአበልጄ በረት ውስጥ ነው።

የመብራት ምሰሶ ወደ መንደራችን ጉዞ ጀምሮ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ እንደ ደከመው አህያ ቆመ፤ ሽቦም አልተከተለው። ስልኩ የሞተበት ሰው ለማስሞላት ሰቆጣ ድረስ በእግሩ ይወርዳል፤ ሲመለስ መንገድ ላይ ሲያወራበት ቤቱ ሳይደርስ ያልቅበታል። ቤት ውስጥ ያለን ኩራዝ ነው። ባለቤቴ ጠዋት ስትናፈጥ የሚወጣው ጥላሸት ለአንድ ደብተራ የዓመት ቀለም ይበቃዋል። እናም ላሜን ሸጬ ሶላር ገዛሁ።

ሊገጥምልኝ የመጣው ባለሙያ ጣሪያው ላይ ረዥም እንጨት ተክሎ ሰቀለልኝና፣ «ፊቱ ወደ ሰማይ ይሁን፣ ትንሽ ብቻ ወደ ደቡብ ያዘንብል፤ እንዳትነካው» ብሎኝ ሄደ። ዳገቱን ሳይጨርስ አውርጄ እዚያው ጣሪያው ላይ እንደ በር ቀጥ አድርጌ አቆምኩት። ለምን ሲሉኝ፣ «አቧራው እንዲራገፍ ነው» አልኩ። ባለቤቴ ብቻ፣ «ኧረ ስልኩ ቶሎ አልሞላ አለ» እያለች ታጉረመርም ነበር። ቢሆንም መንደርተኛው ስልኩን በጋቢው ጫፍ እየቋጠረ ደጄ ላይ ይሰለፍ ጀመር። ኩራዟንም ባለቤቴ ከነክሯ ገደል ወረወረቻት።

የቤታችን ጣሪያ አፈር ነው። ጀርባው ከዳገቱ ጋር ስለገጠመ ፍየል ዝቅ ብላ ሣር እንደምትግጥ ሆና ድንገት አናታችን ላይ ትገኛለች። የአበልጄ ወጠጤ ደግሞ የመንደሩ ፍየሎች ሁሉ ባል ነው፤ ጢሙ ከቄሳችን ጢም ይረዝማል። አንድ ጠዋት ጣሪያው ላይ ሲወጣ፣ ጥቁሩ መስታወት ውስጥ ሌላ ጢማም ወጠጤ ቆሞ አየ። ዓይኑን ቢያፈጥበት ያኛውም አፈጠጠበት።

ወደ ኋላ አፈገፈገ። በሁለት እግሩ ቆመና ግንባሩን እንደ መዶሻ ለቀቀው። እኔ ከሥር ቁርሴን እየበላሁ ነበር፤ የጣሪያው አፈር ገበታዬ ላይ ዘነበ። ሮጬ ስወጣ መስታወቱ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል፤ በየስንጥቁ ውስጥም አንድ አንድ ወጠጤ ቆሞ ያፈጥበታል። ቅድም አንድ ጠላት የነበረው ፍየል አሁን ጦር ሠራዊት ገጠመው። አበደ።

ወገቡ ላይ ዱላ አቀመስኩት። ዞረ። ከግንባሩ የሚወርደው ደም በጢሙ ጫፍ ይንጠባጠባል። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ሰማይን ነው። የጎድን አጥንቴ እንደ ደረቅ ጭራሮ ጮኸ፤ ከጣሪያው በጀርባዬ ተወርውሬ ስልክ ሊያስሞሉ በተሰለፉት ሰዎች መሃል ወደቅሁ። ያነሳኝ የለም። ሁሉም ስልኩን ነው ያሸሸው።

ካራዬን ይዤ ተመለስኩ። የወጠጤውን ቀንድ ጨብጬ አንገቱን ስቆለምም አበልጄ እየሮጠ ደረሰ።

«አበልጄ፣ ልቀቀው! ዘሬን አታጥፋው! ሌላ ወጠጤ የለኝም!»

«እኔስ ሌላ ሶላር አለኝ?»

«በልጄ አምላክ ልቀቀው ብዬሃለሁ!»

«ዛሬ ቆዳውን ትወስዳለህ!»

አበልጄ ሲናደድ በኽምጣንጋ ነው የሚሳደበው፤ አማርኛውን ለእርቅ ያስቀምጠዋል። የቀረውን በኽምጣንጋ ጨረሰው። ክርስትና ያነሳሁትን ልጅ አባት አፉን በቡጢ አልኩት፤ ጥርሱ ጣቴን ተለተለው። እሱ ደግሞ ድንጋይ አንስቶ ቅንድቤን ፈለጠው። ደሙ ዓይኔን ሲጋርደው ካራው ከእጄ ወደቀ፤ ሁለታችንም ተወረወርንበት። የእሱ እጅ ቀደመ።

እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ካራውን ይዞ ቆመ። ባለቤቴ ነጠላዋን መሃላችን ጣለች፤ ነጠላውን ረግጠን ተጠጋጋን። በዚህ ጊዜ የነፍስ አባታችን፣ እሳቸውም ስልካቸውን ሊያስሞሉ መጥተው ኖሮ፣ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ጮኹ።

«ገዝቻችኋለሁ! አንዳችሁ ብትነቃነቁ በመስቀሉ ገዝቻችኋለሁ!»

ካራው ከአበልጄ እጅ ወደቀ። አጠገቡ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ሽማግሌዎቹ እዚያው ጣሪያው ላይ ተቀመጡ። እኔ ቅንድቤን በሻሽ ጠፍሬ፣ «ሰባሪው ይታረድልኝ» አልኩ። አበልጄ ከንፈሩ አብጦ ወጠጤውን በቀንዱ እንደ ጨበጠ ነው። እድሜያቸው ከሁሉ የሚበልጥ፣ ንግግራቸው ከሁሉ የሚያንስ አንድ አዛውንት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ፍየል ድሮም እዚህ ጣሪያ ላይ ይወጣል። ላይ ተሰቅሎ የነበረውን ነገር ለፍየል ዓይን ያወረደው ማነው?»

«አባቴ፣ እርስዎም ያውቃሉ፣ አቧራው እንዲራገፍ...»

«አይስሙት አባቴ» አለች ባለቤቴ። «የምን አቧራ ነው! በየጠዋቱ እፊቱ ቆሞ ጢሙን ሲያበጥር፣ ደረቱን ሲነፋ ነው የሚያረፍደው። መስታወቱን የለመደው የመጀመሪያው ወጠጤ እሱ ነው!»

አበልጄ መጀመሪያ ሳቀ፤ ያበጠ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደሙ በአገጩ ወረደ። ሽማግሌዎቹም መቋሚያቸው ላይ ተደፍተው ሳቁ። ወጠጤው ተለቀቀ። ሶላሩን መልሰን ከእንጨቱ ጫፍ የሰቀልነው እኔና አበልጄ ነን፤ እኔ በአንድ ዓይኔ እያየሁ፣ እሱ በአማርኛ እያዘዘኝ። የተሰነጠቀው ሁሉ አልሞተም፤ ዛሬም አንድ አምፖል ያበራል፣ ስልክም እያቃሰተ ይሞላል።

ባለቤቴ ያለችው እውነት ነው። ያወረድኩት ፊቴን ላይበት ነው። ቤታችን ውስጥ ደህና መስታወት ነበር፤ ጥቁሩ ላይ ግን ሽበቴ አይታየኝም።