በወረቀት የተጨመረ ዕድሜ

በሰው አገር፣ ሐጅ ዩሱፍ በሚባል ሰፈር፣ በቤት ሠራተኝነት የምኖርበት ቤት አባወራ ፖሊስ ነበሩ። ሰው ሁሉ «ሶል» ይላቸዋል፤ ከተራ ፖሊስነት ተነሥቶ መኮንን ያልሆነ ሰው የሚደርስበት የመጨረሻው ማዕረግ ነው። እኔ «ዓሚ» እላቸዋለሁ፣ አጎቴ እንደማለት። ጠዋት ጠዋት የደንብ ልብሳቸውን የምተኩሰው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን ደብዳቤ ይዘው ገቡ። ማዓሽ፣ ጡረታ። ፖሊስ ቤት ለየማዕረጉ የመሰናበቻ ዕድሜ አለው፤ የእርስዎ ደርሷል ተባሉ። ግን አልደረሰም ነበር። በወጣትነታቸው ምልመላ ሲወጣ ዕድሜያቸው ስላልሞላ ሦስት ዓመት ጨምረው ነው የተመዘገቡት። እዚህ የልደት ወረቀት የሌለው ሰው ሐኪም ዘንድ ይቀርባል፤ ዕድሜው ይገመትና ልደቱ የዓመቱ የመጀመሪያ ቀን ተብሎ ይጻፍለታል። ዓሚ ቁመተ ረጅም ስለነበሩ ሐኪሙ አልተጠራጠረም። እነዚያ ሦስት ዓመታት ናቸው ዞረው የመጡባቸው።

በማግስቱ ሸሚዙን እንደ ወትሮው ሰጡኝ። ተኮስኩት። ለብሰውት በረንዳ ላይ እስከ ቀትር ተቀመጡ።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሴት ፖሊሶች ሊመለመሉ ነው ተባለ። የመጨረሻ ልጃቸው ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምትመኘው ይህንን ነበር። ዕድሜዋ ግን አሥራ ሰባት ነው፤ የሚጠየቀው አሥራ ስምንት። እሷም የተወለደችው ገጠር ስለሆነ የልደት ወረቀት የላትም።

«ነገ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ» አለች ምሳ ላይ። «አንድ ዓመት ምን አላት?»

«ያላ፣ ሂጂ!» አሉ እናቷ። «አባትሽ ሦስት ጨምሮ የለ? አንቺ በአንዷ ትሞቻለሽ?»

ዓሚ ዳቦውን ይቆርሳሉ እንጂ አይጎርሱም።

እኔ የውሃ ጆግ ይዤ ቆሜያለሁ። በዚያ ቤት ሦስት ዓመት ስኖር ከ«እሺ» ሌላ በሰው ፊት ብዙ ቃል አውጥቼ አላውቅም። ከወሎ ስወጣ ደላላው ፓስፖርቴ ላይ ስድስት ዓመት ጨምሮብኛል። እኔ አሥራ ስድስት ነበርኩ፣ ወረቀቱ ሃያ ሁለት አለ። ይህንን በፖሊስ ሰው ቤት መናገር እጅን ለካቴና መስጠት ነው። ልጅቷ ግን የአረብኛ ፊደል ያስተማረችኝ ናት፤ «ኡኽቲ»፣ እህቴ፣ ነው የምትለኝ።

«አትጨምሪ» አልኩ። ጆጉን አስቀመጥኩት። «እኔ ላይ ስድስት ጨምረውብኛል። ዕድሜሽ ስንት ነው ስባል አስቤ ነው የምመልሰው። አንዴ ዋሽተሽ የሚያልቅ እንዳይመስልሽ፤ በየበሩ ነው የሚጠይቁሽ።»

«ሱብሐነላህ!» አሉ እናቷ። «በዚህ ቤት ትክክለኛ ዕድሜ ያላት ድመቷ ብቻ ናት በሉኛ!»

ልጅቷ ተናዳ ወደ አባቷ ዞረች። «ያባ፣ ወረቀቴ ሐሰት ነው ስትል ሰማህ አይደል? ፖሊስ ነህኮ!»

«ማዓሽ የወጣ ሰው ጆሮ የለውም» አሉ ዓሚ። ከዚያ ዳቦውን አስቀመጡ። «አንድ ዓመት ጠብቂ። የእኔን ሦስት ዓመት ዛሬ ማን ይመልስልኛል?»

ልጅቷ ሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ። ግን ጠበቀች። በዓመቱ ቁመቷን ተለካች፣ ሮጠች፣ አለፈች። የመጀመሪያ ሸሚዟን ስተኩስ ዓሚ አጠገቤ ቆመው «እጅጌው ላይ የካውያው መስመር አንድ ብቻ! አንድ!» እያሉ አላስቀምጥ አሉኝ።

ዘንድሮ ፓስፖርቴ ሊያበቃ ስለሆነ፣ ሳሳድሰው እውነተኛ ዕድሜዬን ላስጽፍበት ቆረጥኩ። ወንድሜ የስድስተኛ ክፍል ካርዴን ላከልኝ፤ ትምህርቴም እዚያው ላይ ነው ያበቃው። በአስተማሪዬ እጅ ከነዓመተ ምሕረቱ «ዕድሜ 13» ተብሎ ተጽፎበታል። ማንም ያልነካካው ዕድሜ ያለኝ እዚያ ካርድ ላይ ብቻ ነው።

ዓሚ በሪክሻ፣ እኛ ባጃጅ በምንለው፣ እስከ ኤምባሲያችን በር አደረሱኝ። «ይጮሁብሻል። አንቺ ቁሚ» አሉኝ።

«ኢንሻአላህ።»

«ኢንሻአላህ ብቻ አይበቃም። ቁሚ!»

በመስኮቱ ያለው ሰውዬ ካርዱን ገልብጦ አየና «ይሄ የሕፃን ካርድ ምን ያደርግልኛል?» አለኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። እኔ ግን ከመስኮቱ ንቅንቅ አላልኩም። «ከአገር ስወጣ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር» አልኩት፣ ኋላ ያሉትም እንዲሰሙ። ሌላ ማስረጃ አምጪ ብሎ መለሰኝ። ሁለተኛ ሄድኩ፣ ሦስተኛም ሄድኩ። በአራተኛው የካርዱን ግልባጭ ተቀብሎ ከፋይሌ ጋር አያያዘውና ለሐሙስ ቀጠረኝ።

ሐሙስ ነገ ነው። ቀሚሴን ተኩሼ ሰቅያለሁ።