አባዬ ያልገባበት ግጥሚያ

ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ካለ አንድ እንጨት ቤት በር ላይ፣ ዝናብ የመታው ሰጋቱራ ተቆልሎ ሲሸተኝ የመጣሁበትን ጉዳይ ረስቼ ቆም እላለሁ። ያየኝ ሰው ጣውላ ልገዛ የመጣሁ ይመስለዋል። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ካዛንቺስ ግቢያችን በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ አባቴ ሰጋቱራ የጠቀጠቀበትን ጆንያ ሲደበድብ እያየሁ ነኝ። ጆንያው ከጣሪያው ማገር ላይ በገመድ ይንጠለጠል ነበር፤ ክረምት በገባ ቁጥር ቆርቆሮው ስለሚያፈስ ውሃ ጠጥቶ ይከብድና ግቢውን ሁሉ በእርጥብ እንጨት ሽታ ይሞላው ነበር። አባዬ ግን በዚህ ደስ ይለው ነበር፤ «አሁን ገና እንደ ሰው ከበደ» ይልና እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ይወርድበታል።

ሰፈሩ የሚጠራው «ዘውዱ ጎሚስታው» ብሎ ነበር። ቀን መንገድ ዳር ጎማ ሲያወጣና ሲጠግን ይውላል፤ ቦክሰኛ የሚሆነው ከሥራ በፊትና ከሥራ በኋላ ነበር። ገና ጎህ ሲቀድ፣ ዝናብ ኖረም አልኖረም፣ በሥራ ቱታው ከካዛንቺስ ተነስቶ እየሮጠ፣ ኡራኤልን ተሳልሞ፣ ጭቃ ለብሶ ይመለስ ነበር። ክለባቸው የነበረው ጓንት ሁለት ጥንድ ብቻ ስለነበር፣ አንዱ ተጋጥሞ ሲወርድ ላቡ ያልደረቀውን ጓንት አውልቆ ለተረኛው ያቀብላል፣ ተረኛውም በሌላ ሰው ላብ ውስጥ እጁን ከትቶ ይገባ ነበር። ቢቀፍም እንዲህ ነበር፣ ማንም ሲያማርር አልሰማሁም።

ክረምቱ አልፎ የጥቅምት ብርድ ሲመጣ ግጥሚያው ይጀመር ነበር። አባዬ በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ አንዳንዴም ሁለት እሁድ አከታትሎ ይጋጠም ነበር፤ አንዱን ተቀናቃኝ በአንድ ዓመት ውስጥ ደጋግሞ ስለሚያገኘው ዘመድ እስኪመስሉ ድረስ ይተዋወቁ ነበር። ልብስ ሰፊ የነበረችው እናቴ ከኮት ገበር ትርፍራፊ ቁምጣ ትሰፋለት ነበር እንጂ ሲጋጠም አንድም ቀን አይታው አታውቅም። እሁድ እሱ ወደ ግጥሚያው አዳራሽ ሲሄድ እሷ ነጠላዋን አጣፍታ ቂርቆስ ትሄድና ከግቢው ዛፍ ሥር ትቆያለች፤ ግጥሚያው ሲያልቅ እኔ ከአዳራሹ ሮጬ ሄጄ «አሸነፈ!» ወይም «ተሸነፈ ግን ደህና ነው!» ብዬ አበስራታለሁ። ሥራዬ ይህ ነበር፤ እንደኔ የሚሮጥ ልጅ በሰፈሩ አልነበረም ብል ጉራ አይሆንብኝም። ሰኞ ጠዋት ፊቱ እንደ ድፎ አብጦ ጎማ ሊፈታ ሲሄድ፣ ደንበኞቹ ሊያዩት ብለው ያልተነፈሰ ጎማ ሁሉ «ነፋስ ሙላልን» እያሉ ያመጡ ነበር።

በጥር ወር በአንዱ ግጥሚያ ላይ የተጋጣሚው አውራ ጣት የአባዬን ግራ ዓይን ወጋው። ሐኪም ዘንድ ብቻውን ሄዶ፣ ምን እንደተባለ ለማንም ሳይናገር፣ በሁለተኛው እሁድ ደግሞ ተጋጠመ። የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎማ ቤቱ ጎራ ስል፣ የነፋስ መለኪያውን ወደ እኔ አዙሮ «ስንት ይላል? አንብቢልኝ» ማለት ጀመረ። መጀመሪያ ቁጥር እያስተማረኝ መስሎኝ ኮራሁ፤ ቆይቶ ግን ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ሲያፈስ አየሁ፤ መንገድ ስንሻገር በግራው በኩል አድርጎኝ ትከሻዬን ይዞ እንደሚሄድ አስተዋልኩ። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ፣ የእኔ ጎበዝ» አለኝ።

ነገርኳት። ዛሬ ድረስ ያንን ቀን ሳስበው ትንሽ እሸማቀቃለሁ፤ ግን አልጸጸትም፤ ደግሜ ልጅ ብሆን ደግሜ እነግራታለሁ። እማዬ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሐኪሙ ዘንድ ሄደች፤ ሐኪሙም «አንድ ምት ከደገመው ይህ ዓይን ይጠፋል፣ ሌላኛውንም ሊጎዳው ይችላል» አላት። ተመልሳም እንደ ሌሎቹ ሴቶች አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፤ አባዬ በር ላይ ብቅ እንዳለ እጇን ወደ ቂርቆስ አቅጣጫ ዘርግታ «ሁለተኛ ጓንት ብታጠልቅ በቂርቆስ ገዝቼሃለሁ!» አለችው።

የሰው ቡጢ የማይፈራው አባቴ ግዝት ይፈራ ነበር። ደግሞም፣ ዛሬ ሳስበው፣ ግዝቱ ሳይመቸው አልቀረም። ሰፈሩ «ለምን አትጋጠምም?» ሲለው «ምን ላድርግ፣ ሚስቴ ገዝታኝ» ይላል፤ ሰዉም በሱ ፋንታ እሷን ያማል፣ ዓይኑን የሚያነሳ አይኖርም። እማዬ ቦኖ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ሴቶቹ እንኳ «ባሏን አሰረችው» እያሉ ይጠቋቆሙ ነበር። እሷ ግን ባልዲዋን ሞልታ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ትመለስ ነበር።

በሁዳዴ መካከል ሽማግሌዎች መጡብን። ከፋሲካ በኋላ የሌላ ሰፈር ክለብ በጣም የተፈራ ቦክሰኛውን ይዞ ሊመጣ ነበር፤ የኛ ሰዎች ደግሞ ከዘውዱ ሌላ የሚመክተው የለም ብለው ስላመኑ፣ ለጋብቻ እንደሚላከው ሽማግሌ ሦስት ሰው ወደ እናቴ ላኩ። ከመሥሪያ ቤት በጡረታ የተገለሉት ጋሽ መኮንን፣ ከወሎ መጥተው ሱቅ የከፈቱት ጋሽ ሰይድ፣ ሦስተኛው የአባዬ አሰልጣኝ ነበሩ። እማዬ ወንበር ስትጠርግ ጋሽ መኮንን እጃቸውን አንስተው «ተይው አስካለ፣ ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሏት።

«ምንድን ነው ጉዳያችሁ አባቶቼ?»

«ግዝቱን ፍቺለት። ይህ የሱ ብቻ አይደለም፤ የሰፈር ስም ነው።»

ጋሽ ሰይድም ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «እኔስ በታቦት ጉዳይ አልገባም ብዬ ነበር» አሉ፤ «ነገር ግን ዘውዱን ሱቄ በር ላይ ሰው ሲያላግጥበት ሳይ አላስችል አለኝ።»

አባዬ ጥግ ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያይ ነበር። እማዬ «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት አሉ» አለች፤ ቀጥላም ወደሱ ዞራ «ዘውዱ፣ ና እዚህ መሃል ቁም። ቀኝ ዓይንህን በእጅህ ሸፍን» አለችው። ሸፈነ። «አሁን ጋሽ ሰይድ የት እንደቆሙ አሳያቸው።»

አባዬ አንገቱን ወዲያና ወዲህ አዙሮ፣ ግንባሩን ቋጥሮ፣ በመጨረሻ ጣቱን ወደ በሩ ዘረጋና «ያውና፣ በሩ ጋ» አለ። በሩ ጋ ሰው አልነበረም፤ እማዬ ለደንበኛ ሰፍታ ምስማር ላይ የሰቀለችው ጥቁር ኮት ነበር። ጋሽ ሰይድ በግራው በኩል፣ ክንድ ቢዘረጋ ሊነካቸው በሚችል ቅርበት ላይ ቆመው ነበር። «እኔ እዚህ ነኝ ልጄ» አሉት፣ ክንዱን ያዝ አድርገው።

ያኔ ነው እናቴ እስከ ዛሬ የምኮራባትን ነገር ያደረገችው። «ፈትቼሃለሁ» አለችው። «ቂርቆስም ይፍታህ። ከእንግዲህ የያዝኩህ እኔ አይደለሁም፤ መጋጠሙንም መቅረቱንም በራስህ አፍ ንገራቸው።» ጉዳያቸው ስለተፈጸመ ሽማግሌዎቹ መቀመጥ ነበረባቸው፤ አንዳቸውም ግን አልተቀመጡም፤ ሻዩ እንደተቀዳ በረደ።

ፋሲካ አልፎ የግጥሚያው እሁድ ሲደርስ አባዬ የክት ልብሱን ለብሶ፣ እኔን በግራው በኩል ይዞ ወደ አዳራሹ ሄደ። ሰዉ ሊጋጠም የመጣ መስሎት በጭብጨባ ተቀበለው። እሱ ግን መድረኩ ላይ በጫማው ወጥቶ፣ ገመዱን ይዞ፣ «ግራ ዓይኔ አያይም» አለ። «ሚስቴ ግዝቱን ፈትታለች። የማልጋጠመው እኔ ነኝ።» የእጁ ላብ ሲንጠባጠብ ከታች ሆኜ አየሁት፤ ተጋጥሞ እንኳ እንዲያ ሲያልበው አላየሁም። ፉጨቱ አዳራሹን ሞላው። ያ ቤታችን መጥቶ በዓይኑ ያየው አሰልጣኝ ሳይቀር፣ በሰው ሁሉ ፊት ተነስቶ «በጃንሆይ ጊዜ የነበሩት አንድ ዓይናቸው ቢጠፋ በሌላው ይጋጠሙ ነበር! የዛሬ ልጆች ምን ነካችሁ?» ብሎ ጮኸ። ልብ በሉ፣ የዛሬ ልጅ የተባለው አባቴ ነው።

የዚያን ዓመት ክረምት መቼም አልረሳውም። ጆንያው ውሃ እየጠጣ ዝም ብሎ ተንጠልጥሎ ከረመ። ጎማ ቤቱ ሊያላግጥበት የሚመጣ ሰው በዛ፤ እኔንም ቦኖ ላይ አንድ ልጅ «አባትሽ ቀሚስ ለበሰ» ሲለኝ አፍንጫው ላይ ቡጢ አቀመስኩት፤ እናቱ እየጎተተች ይዛው ስትመጣ አባዬ ይቅርታ ጠይቆ ሸኛትና ወደ እኔ ዞሮ «ስትመቺ ክርንሽን አትክፈቺ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ እሁድ እማዬ ቂርቆስ ስትሄድ አብሯት ይሄድ ጀመር፤ አብረው ሄደው አብረው ይመለሱ ነበር።

ዛሬ ግቢያችን የለም፣ ሰፈሩም ፈርሷል፣ እማዬም አርፋለች፤ አባዬ ከኔ ጋር ነው የሚኖረው። ግራ ዓይኑ ብርሃንና ጥላ ይለያል፣ በቀኙ ጋዜጣ ያነባል። ከሰዓት በኋላ ኡራኤል አካባቢ ካለች ሻይ ቤት ከእኩዮቹ ጋር ይቀመጥና፣ «የዛሬ ቦክሰኛ በዓመት ሦስቴ ተጋጥሞ ደከመኝ ይላል፤ የራስ መከላከያ፣ የጥርስ መከላከያ፣ ሐኪም ከጎኑ! እኛ እኮ...» እያሉ ይውላሉ። አባዬም አብሮ ይላል! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ፉጨቱ ገና ከጆሮው ሳይወጣ ያፏጩበትን ሰዎች ቃል ይደግማል። ስሰማው ደሜ ይፈላል። «እስቲ እማዬ ባትኖር ኖሮ ያ ዓይን የት ይደርስ ነበር?» ስለው «ነገር አታምጪ» ይለኛል።

ልጄ ሩት ቦክሰኛ ናት። ባለፈው የበጋ ወራት አንድ ቀን ምሳ እየበላን ስልኳን አንስታ፣ አፏ ውስጥ ጉርሻ እያለ ለአሰልጣኟ ደወለች። «ኮች፣ ማለቴ... ትናንት ልምምድ ላይ ከተመታሁ ጀምሮ ጭንቅላቴን ያዞረኛል። እሁድ አልጋጠምም፣ በቃ።» የሰውዬው ድምፅ ከስልኩ ወጥቶ ለሁላችንም ተሰማ፦ «እሺ። ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ ሲሻልሽ ትመለሻለሽ።» ስልኩን አስቀምጣ ፍርፍሯን ቀጠለች።

አባዬ እጁ ሳህኑ ላይ ቀርቶ ነበር። «እሺ አለሽ?» አላት።

«አዎ አባባ።»

«ሌላ ምንም አላለም?»

«ምን ይላል?» አለችው። እሱም «ሽማግሌም አይልክም?» አላት። ቀልድ መስሏት ከት ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ እሱም አልሳቀም፤ ተነስቶ እጁን ሊታጠብ ሄደና ውሃው ሲወርድ ረጅም ጊዜ ሰማሁ።

በማግስቱ ሻይ ቤቱ ድረስ ሸኘሁት። ገና ወንበር ሲስብ አንዱ እኩያው «የዛሬ ልጆች» ብሎ ጀመረ። አባዬ ቆሞ ሰማውና «ተው እስቲ» አለው፤ «የዛሬ ልጆች አሞኛል ማለት ያውቃሉ። እኔ አንድ ቀን ብዬው አፏጭታችሁብኛል።» ከዚያ ተቀምጦ ሻይ አዘዘ። እየተመለስኩ ሳለሁ አባቴንና ልጄን አነጻጸርኳቸው። አባቴና ጓደኞቹ በየአሥራ አምስት ቀኑ መጋጠማቸው እውነት ነው፤ ጥንካሬያቸውንም ማንም አይወስድባቸውም፣ እኔም አልወስድባቸውም። ነገር ግን አባቴ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ስሙን ከፍሎ ያገኘውን «አልጋጠምም» የማለት መብት፣ ልጄ ምሳዋን ሳታቋርጥ አገኘችው፤ እንዲያውም ማግኘቷን አላወቀችም።