ከባቡር ጣቢያው ሥር የቀበርኳት ወፍ

ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ስንቱን ኃጢአቴን ስዘረዝር እንኳ ይቺን ዘልያታለሁ። ፊደል የለየሁት ከጎለመስኩ በኋላ ነው፤ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ነገሩ እንዳይንጋደድ እሞክራለሁ።

ማሳዬ ከመርሳ ወጣ ብሎ ነው፤ ባቡር ጣቢያ ተብሎ ከተሠራው ሕንጻ ሥር። ባቡሩ ገና አልመጣም፤ ወፍ ግን ቀርቶ አያውቅም። ማሽላው ወተት ሲይዝ ከጠዋት እስከ ማታ ማማ ላይ ነኝ፤ ወንጭፌን ይዤ።

አንድ ቀን ጎረቤቴ ሰይድ ከማማው ሥር ቆሞ ጠራኝ።

«አያ ደምሌ፣ ጣቢያው ላይ አንዲት ወፍ አርፋለች። ወልድያ ላሉት የወፍ አዋቂዎች ደውዬ ብነግራቸው እንዲህ ያለች ወፍ በዚህ አገር ታይታ አታውቅም አሉኝ። ነገ ሊያዩዋት ይመጣሉ። በአላህ ይዤዎታለሁ፣ እስከዚያ በዚያ በኩል አይወንጭፉ።»

«ማሽላው ሲያልቅ ልጆቼን ወፏን ላጉርሳቸው?»

«አንዲት ወፍ ስንት ብትበላ ነው፣ አያ?» ብሎ እየሳቀ ሄደ።

ሳቁ አናደደኝ። በገዛ ማሳዬ የሚያዘኝ ማን ነው? አልኩ። ከሰዓት በኋላ ወፏ ማሳዬ ዳር ወረደች። ጅራቷ ረጅም ነው፤ አንገቷ እንደ መዳብ ያበራል። እህሉን አልነካችም፤ ከመሬት ትል ነበር የምትለቅም። ይህን አየሁ። አይቼ ወረወርኩ። ጠጠሩ አልሳታትም።

የመታኋትን ወፍ ለሌሎቹ ማስፈራሪያ እንጨት ላይ አስሬ ማንጠልጠል ልማዴ ነው። ያቺን ግን ቆፍሬ ቀበርኳት። ለምን ቀበርኳት? ያደረግኩትን ስላወቅኩ ነዋ! ሳላውቅ መታኋት እንዳልል ጉድጓዱ ይመሰክርብኛል።

በማግስቱ አንዲት መምህርት ከሁለት ሰዎች ጋር በባጃጅ መጣች። ማቅረቢያ መነጽራቸውን ይዘው ቀኑን ሙሉ ጣቢያው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ያያል። ሰይድ ላቡ እየተንጠፈጠፈ «እዚህ ነበረች፣ እዚህ» እያለ ይዞራል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሴትየዋ ወደ እኔ መጣች።

«አባቴ፣ እርስዎስ አላዩዋትም?»

«ማማ ላይ የምውል እኔ አላየሁም። ሰይድ ሲመረቅን ግመልም ሲበር ያያል» አልኩ።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሰይድ ዞሮ አየኝ።

ከዚያ ወዲያ ስሙ «ሰይድ ወፉ» ሆነ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ ማለት ነው።

በዓመቱ እህቱ ሐዋ በመስኖ ውሃ ተራ ከጎረቤቷ ተጣላች። ባሏ የሞተባት፣ ሦስት ልጅ የምታሳድግ ሴት ናት። ሊያስታርቁ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነበርኩ፤ እኔ! ምስክሯ ሰይድ ብቻ ነው። ተነሥቶ «ተራው የእሷ ነው፤ ቦዩን ሲዘጋባት በዓይኔ አይቻለሁ» አለ።

«ወፏን እንዳየሃት ነው?» አለ ባላጋራው።

ሽማግሌው ሁሉ ሳቀ። ቃሉም ተጣለ። ከመሃላቸው ሰይድ እንደማይዋሽ በርግጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔስ ምን አደረግኩ? ጋቢዬን አፌ ላይ ጎትቼ ዝም አልኩ። «ቆዩ፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ» ማለት ይህን ያህል ይከብዳል? ወፏን ስገድል ተናድጄ ነበር። ያን ቀን ግን አልተናደድኩም፤ ሰው እንዳያፍርብኝ ብዬ ብቻ አንዲትን ሴት ውሃ አስነጠቅኩ። የሐዋ ሽንኩርት እዚያው ማሳው ላይ ደረቀ። ልጆቿን ይዛ ወልድያ ገባች፤ አሁን የሰው ልብስ ታጥባለች።

ሰይድ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «እንዴት አደሩ፣ አያ ደምሌ» ይለኛል። ያውቅብኝ ይሆን? ቢሰድበኝ በተሻለኝ።

ሰይጣን አሳስቶኝ ነው አልልም። እኔ ነኝ። ከእናንተም ይቅርታ አልለምንም፤ የሚለመነው ሰይድ ነው፤ የምትለመነው ሐዋ ናት። እምቢ ቢሉኝ ሐቃቸው ነው። ሽማግሌዎቹ እሑድ ሲቀመጡ ይህን ወረቀት ቆሜ አነበዋለሁ። ወኔዬ ከከዳኝ፣ ያገኘው ሰው ያንብብላቸው፦ ወፏ ነበረች። ሰይድ አልዋሸም። የውሃው ተራም የሐዋ ነበር።