በቀትር የማትታየው ፍም

አደጋ ምን እንደሚመስል መጀመሪያ ያወቅሁት፣ ከሻሼ ጥላ ሥር አንዲት ቀይ ፍም ስትበራ ነው። ትናንት ጧት ከልጄ ቦርሳ ውስጥ ያንን የወንድሜን አሮጌ ቴስተር አየሁና ያ ቀን ትዝ አለኝ። ካቻቢቴ መሳይ ነው፤ ሽቦ አስነክተው አናቱን በጣት ሲጫኑት፣ ሽቦው ኮረንቲ ካለው እጀታው ውስጥ ያለች ትንሽ አምፖል ትቀላለች።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም፤ ልጄ ጀርባዬ ላይ የታዘለች ጨቅላ ነበረች። ታላቅ ወንድሜ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነበር። ሮቢት አጠገብ ሽንኩርት የሚያጠጣ ፓምፕ ተበላሽቶ ቆመና ወንድሜ ተጠራ፤ እኔ ምሳውን ይዤለት ሄድኩ። ቀትር ነው። የፓምፑ ሽቦ ያለበት የቆርቆሮ ሳጥን ያቃጥላል፣ የጠወለገው ሽንኩርት ይሸታል፤ ፓምፑ ሥር ያለው ጭቃ ግን ገና እርጥብ ነው። ወንድሜ ማጥፊያውን አጥፍቶ፣ ሳጥኑን ከፍቶ፣ ቴስተሩን አስነካ። አምፖሏ አልበራችም።

«ኮረንቲ የለውም» አለ።

የሽንኩርቱ ባለቤት ከኋላው ቆሞ ይነዘንዘዋል፤ «አቦ ቶሎ በል! ሽንኩርቴ ካንተ በፊት ሊሸብት ነው።»

ምን እንደሚያይ ለማየት ጎንበስ አልኩ። ወንድሜ ቴስተሩን ከሽቦው ሳያነሳ ወደ ሰውዬው ዞሮ ነበር፤ የጥቁሩ ሻሼ ጥላ እጁ ላይ አረፈ። አምፖሏ ቀላች።

«ወንድምጋሼ፣ ይኸው በርታለች!»

ባለቤቱ ሳቀ። «ሦስተኛ ክፍል ያልዘለቀች ደግሞ ኮረንቲ ልታስተምር!»

ወንድሜም «ፀሐዩ አሞኝቶሽ ነው አንች» አለና ቴስተሩን ኪሱ ከቶ እጁን ወደ ሽቦው ሰደደ። እግሩ ጭቃ ውስጥ ነው። ሳይነካው ክርኑን በሁለት እጄ ይዤ ጎተትኩት፤ ልጄ ጀርባዬ ላይ ጮኸች።

«ወላሂ አልለቅህም! በጥላ እየው!»

ባዕድ ወንድ ፊት ፀጉሬን ገልጬ አላውቅም። ያን ቀን ሻሼን አውልቄ እንደ ድንኳን ዘረጋሁለት። ዳግም አስነካው። ቀይ። ማንም አልሳቀም። ማጥፊያው አንዱን ሽቦ ሳይቆርጥ ቀርቶ፣ ፀሐይዋም የአምፖሏን ብርሃን ውጣው ኖሯል።

ወንድሜ ላቡን ጠረገ፤ ሄዶ ዋናውን ማጥፊያ አጠፋ። ከዚያ በሌላ መስመር በሚሠራው በእርሻው ዘበኛ ቤት ሶኬት ላይ ቴስተሩን ሞከረ፤ በራ። ተመልሶ ሽቦውን በሻሼ ጥላ ሞከረ፤ ጨለማ። እንደገና ሶኬቱ ጋ ሄደ፤ በራ።

«ሞካሪውም ይሞከራል» አለኝ ቀስ ብሎ።

ከሻሼ ጫፍ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ቀደደ። እስኪሞት ድረስ ከቴስተሩ ጋር ጠቅልሎ ያዛት። የገደለው ጉበቱ ነው፤ ኮረንቲ አልነካውም።

ትናንት ልጄ ዋጃ ላይ የመጀመሪያ የፓምፕ ጥገና ሥራዋ ነበር። «እማ፣ ሰው ይስቅብኛል» ብትልም ተከትያት ሄድኩ፤ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ዋናውን አጠፋች። ቴስተሩን መጀመሪያ ኮረንቲ ባለበት ሞከረች። ከዚያ ያችን የደበዘዘች የሻሼን ቁራጭ አውጥታ እጇ ላይ ጋረደች። ስትጎነበስ ልክ እሱን መሰለችኝ፤ ፊቴን አዞርኩ።

በአሥር ሰዓት ሚኒባስ ቆቦ ገባን። በሩን ዘግቼ እጆቿን እያገላበጥኩ አየኋቸው።

«ምን ትፈልጊያለሽ እማ?»

«ምንም» አልኳት።

ቤታችን ገብተናል። ልጄ ደህና ናት፤ እኔም ደህና ነኝ። አልሐምዱሊላህ።